የውርንጭላ መስክ አጥር፦ ከአጣና፣ ከካብ፣ ከሽቦና ከኤሌክትሪክ የትኛው ይሻላል?

ባዝራ ብቻዋን ስትሆን በችካልና በገመድ ትውላለች፤ እረኛ ካለም ጭራሽ አጥር አያስፈልጋትም። ውርንጭላ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ውርንጭላ በተወለደ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ በማግስቱ ይሮጣል። በገመድ ቢያስሩት እግሩን ጠላልፎ ይወድቃል። ቢለቁት መንገድ ላይ ይወጣል፣ ወይም የሰው ማሳ ይገባል። ስለዚህ መታጠር አለበት።

አጥር ፍለጋ ሲወጡ ደግሞ ምክሩ ይበዛል። አንዱ የእሾህ ሽቦ ግዛ ይላል። ሌላው ከባህር ዛፍ አጣና ወዲያ ላሳር ይላል። ከተማ ያለው ዘመድ የሶላር ኤሌክትሪክ አጥር ፎቶ ይልካል። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ጥንካሬ ነው።

ለፈረስ ግን ጥንካሬ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን የለበትም። በሬ አጥርን ቀስ ብሎ ይገፋል። ፈረስ ይደነግጥና ይሮጣል፤ አጥሩን የሚያገኘው በሙሉ ፍጥነት ነው። ውርንጭላ ደግሞ አጥር ምን እንደሆነ ገና አላወቀም። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ በአንድ ጥያቄ ይፈትኑት፦ ውርንጭላው እየጋለበ መጥቶ ቢመታው ምን ይሆናል?

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በደጋው ፈረስ ለሚያረቡ ሰዎች ነው። ደብረ ብርሃንም ይሁን ሱሉልታ፣ አርሲም ይሁን እንጅባራ። በአዊ በየዓመቱ ጥር 23 የሚወጡት ፈረሶች ሁሉ አንድ ጊዜ ውርንጭላ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት እግሩ የተበላሸ ፈረስ ግን ለጉግስም ለጋሪም አይሆንም።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

*መታየት።* ፈረስ ሰማያዊና ቢጫን ደህና ይለያል፤ ቀይና አረንጓዴ ግን ይመሳሰሉበታል። ግራጫ ቀጭን ሽቦ በሳር ፊት፣ በተለይ ሲመሻሽ፣ ለሱ የለም ማለት ይቻላል። ወፍራም አግዳሚ እንጨት ወይም ሰፊ ነጭ ጥብጣብ ከሩቅ ይታየዋል።

*ቀዳዳ።* የውርንጭላ ኮቴ ትንሽ ነው። ቀዳዳው ወይ ኮቴ የማያስገባ ጠባብ፣ ወይ የገባ እግር ያለ ችግር የሚወጣበት ሰፊ ይሁን። ወጥመዱ መካከለኛው ነው። 10 ወይም 15 ሴንቲሜትር የሆነ የሽቦ ቀዳዳ እግርን ያስገባል፣ ሲስበው ግን ይይዘዋል።

*ስለት።* የሚቆርጥ፣ የሚወጋ፣ የሚሰነጠቅ ነገር አለው ወይ? የምስማር ጫፍና የሽቦ ጭራም ይቆጠራሉ።

*ቁመትና የታችኛው ክፍተት።* የአገራችን ፈረስ ትከሻው ላይ ሲለካ 1.30 ሜትር ገደማ ነው። ለባዝራና ለውርንጭላ ከ1.30 እስከ 1.40 ሜትር የሆነ አጥር ይበቃል። ድንጉላ ወይም ከውጭ ዝርያ የተዳቀለ ረጅም ፈረስ ካለዎት 1.50ን ይለፉ። ከሥር ያለው ክፍተት ግን ከላይኛው ይበልጥ ይረሳል። ውርንጭላ ብዙ ሰዓት ተጋድሞ ይተኛል። አጥር ሥር ከተኛና ሲገላበጥ በክፍተቱ ካለፈ፣ ሲነሳ ራሱን በውጭ በኩል ያገኛል። እናቱ በውስጥ ታሽካካለች፣ እሱ ከውጭ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሁለቱም አጥሩን ለመስበር ይታገላሉ። ክፍተቱ ከ30 ሴንቲሜትር አይብለጥ።

*ጅብ።* እዚህ አገር አጥር ፈረሱን ከማስቀረት ሌላ ሥራ አለው። ጅብ ውርንጭላ ይበላል። ከዚህ በታች ካሉት የቀን አጥሮች መካከል ለብቻው ጅብን ሌሊቱን ሙሉ ይከለክላል ብዬ የምመክረው የለም። ጅብ በሥር ይቆፍራል፣ በማገር መሃል ይሾልካል። የመስክ አጥር ለቀን ነው። ለሌሊት ጣሪያ ያለው ጋጣ ወይም ከቤት አጠገብ በሚገባ የተዘጋ በረት ለብቻው ያስቡ።

*ዋጋና ጥገና።* ዋጋን በሜትር ብቻ አይቁጠሩ፣ በዓመትም ያካፍሉት። በየሦስት ዓመቱ የሚታደስ ርካሽ አጥር ርካሽ ላይሆን ይችላል።

የእሾህ ሽቦ

ከዚህ የምጀምረው በጣም የተለመደው እሱ ስለሆነ ነው። በየገበያው አለ፣ ለመሸከም ይቀላል፣ ሁለት ሰው በአንድ ቀን ብዙ ሜትር ይዘረጋዋል። ለከብት የሚሠራበትም ምክንያት አለው፤ ከብት ቆዳው ሲወጋ ወደ ኋላ ይላል።

ፈረስ ግን እግሩ ሲያዝ ወደ ኋላ ብሎ በኃይል ይጎትታል። ሽቦው እግሩ ላይ እንደ መጋዝ ይሄዳል። ፈረስ ከጉልበቱ በታች ሥጋ የለውም፤ ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ብቻ ነው። እዚያ ላይ የሚደርስ ቁስል ለመዳን ወራት ይፈጃል። ብዙ ጊዜም ቀይ ትርፍ ሥጋ እያበቀለ አልዘጋም ይላል። ጅማት ከተቆረጠ ደግሞ ውርንጭላው የሚሮጥ ፈረስ የመሆን ዕድሉ በጣም ይጠባል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ እጅግ ተጋላጭ ከሆኑት እንስሳት አንዱ ነው፤ ሽቦ ወግቶ የሚያደርሰው ጥልቅ ቁስል ለበሽታው ጥሩ መግቢያ ነው። በጋሪ ፈረሶች ላይ የምናየው፣ በእግርና በአንገት ላይ በተርታ እብጠት እያወጣ የሚፈርጠው የኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ በሽታም በቆዳ ቁስል ይገባል። ስለዚህ ትንሽ የምትመስል ጭረት እንኳ ቀላል አይደለችም።

ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ውርንጭላ ባለበት መስክ የእሾህ ሽቦ አይግባ። ርካሽ ነው የሚለው ክርክርም አንድ የሐኪም ወጪ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ይሠራል።

ቦታው ቀድሞ በእሾህ ሽቦ ታጥሮ ከሆነና ለማፍረስ አቅም ከሌለ መካከለኛ መንገድ አለ። ከሽቦው አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተው ሁለተኛ አጥር ይሥሩ። የአጣና አግዳሚ ወይም የኤሌክትሪክ ጥብጣብ ሊሆን ይችላል። ፈረሱ የሚያገኘው የውስጡን ነው፤ የእሾህ ሽቦው ከውጭ የሰውና የከብት መከላከያ ሆኖ ይቀራል። የላላና መሬት የነካ ሽቦ ግን ሳይውል ሳያድር ይነሳ። ከተወጠረው ይልቅ የላላው ነው እግር የሚጠመጥመው።

የአጣና አጥር

ለአብዛኛው ደገኛ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። ባህር ዛፍ በየቤቱ አለ፣ አናጺም አይጠፋም። ወፍራም አግዳሚ ከሩቅ ይታያል፣ ሲመታ አይቆርጥም፣ ትንሽ ይለምጣል። ከተሰበረ አንድ እንጨት ብቻ ይቀየራል።

ጥሩነቱ ግን በአሠራሩ ይወሰናል። ለአዋቂ ፈረስ ሦስት አግዳሚ ይበቃል። ለውርንጭላ አራት ያድርጉት፦ የታችኛው ከመሬት 30 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ የላይኛው 1.30 ሜትር ላይ። ውፍረቱ 8 ሴንቲሜትር በሆነ አጣና በመካከላቸው 23 ሴንቲሜትር ገደማ ይቀራል። ውርንጭላው አይሾልክም፣ የገባ እግርም ይወጣል። ቋሚው 2 ሜትር ይሁን፤ 70 ሴንቲሜትሩ ይቀበር፤ በየ2.5 ሜትሩ ይተከል።

አግዳሚው የሚመታው በውስጥ በኩል፣ ማለትም በፈረሱ ወገን ነው። ይህን ብዙ አናጺ ይገለብጠዋል፤ ከመንገድ ሲታይ እንዲያምር ብሎ በውጭ ይመታዋል። እንዲህ ከሆነ ባዝራዋ በደረቷ ስትደገፍ ምስማሩን ወደ ውጭ ትነቅለዋለች። በውስጥ ከተመታ ግን በገፋች ቁጥር እንጨቱ ከቋሚው ጋር ይበልጥ ይጣበቃል። በተጨማሪም የቋሚዎቹ ጠርዝ ወደ ውስጥ ስለማይወጣ የሚሮጥ ውርንጭላ ትከሻውን አይመታበትም።

ሥራው ሲያልቅ አናጺውን ሳያሰናብቱ መዳፍዎን በአግዳሚዎቹ ላይ እያሳለፉ አጥሩን ይዙሩ። ከወገብ ብቻ አይዩ፤ ቁጢጥ ብለው በውርንጭላ ቁመት ይፈትሹ። በሌላ በኩል የወጣ የምስማር ጫፍ፣ ሰንጣቃ እንጨት፣ ከማሰሪያ የተረፈ የሽቦ ጭራ ሁሉ የሚገኘው እንዲህ ነው። ጫፉ ይታጠፍ ወይም ይቆረጥ።

እርጥብ አጣና አይቸኩሉበት። ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ምስማሩ ይላላል። ልጡ ይላጥ፤ ልጥ እርጥበትና ምስጥ ይይዛል። የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ለብለብ ማድረግ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ዘይቱ ግን ከመሬት በላይ አይውጣ። ወጣት ፈረስ ጥርስ ሲያበቅልም ሲሰለቸውም እንጨት ይግጣል፤ ያ ዘይት መርዝ ነው። የሀበሻ ጥድ ምስጥን በመቋቋም ከባህር ዛፍ በጣም ይሻላል፤ ከአሮጌ ቤት የተረፈ ምሰሶ ካለ ለማዕዘን ያውሉት እንጂ ለዚህ ብሎ የቆመ ጥድ መቁረጥ አይገባም።

ቀርከሃ የአጣና ዘመድ ሆኖ ይቀርባል፤ በእንጅባራ አካባቢ የተጠለፈ የቀርከሃ አጥር በየደጁ ነው። ለጓሮ ያምራል፣ ነፋስም ይከላከላል። ለፈረስ ግን ሲሰበር እንደ ምላጭ ይሰነጠቃል። ሙሉውን ወፍራም ቀርከሃ በአጣና አግዳሚ ደግፎ መጠቀም ይቻላል፤ የተፈለጠው ግን አይሁን።

የድንጋይ ካብ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ድንጋይ አይጠፋም፣ ካብ የሚክብም እጅ አለ። ካብ ከሁሉም አጥር በላይ ይታያል። ኮቴ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ነፋስ ይከልላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ለሚጥልበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ውርንጭላው ተጠግቶት ይተኛል። በሚገባ የተካበ ካብ ከአንድ ትውልድ በላይ ይቆማል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። ካብ አይለምጥም፤ ግን ስለሚታይ ፈረስ በሩጫ ሊገባበት ዕድሉ ትንሽ ነው። ዋናው ችግር ዝቅ ብሎ ሲሠራ ነው። 80 ሴንቲሜትር ካብ ላይ ውርንጭላ ይወጣል፣ ድንጋዩ ከእግሩ ሥር ይናዳል። ካቡን 1 ሜትር ካደረሱ በኋላ በላዩ አንድ የአጣና አግዳሚ ቢያልፍበት ቁመቱም ይሞላል፣ ድንጋይም ይቆጠባል። ከክረምት በኋላ የተናደውን መልሶ መካብ ግድ ነው፤ መስኩ ውስጥ የተበተነ ድንጋይ ኮቴና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል።

የሽቦ መረብ

እዚህ ሁሉም መረብ አንድ አይደለም። ለፈረስ ተብሎ የሚሠራው 5 በ10 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ያለው፣ በጠንካራ ሽቦ የተጠለፈ መረብ ነው። ኮቴ አያስገባም፣ ሲመታ እንደ መረብ ኳስ መረብ ሰውነቱን ይቀበላል። ከላይ የሚታይ አግዳሚ እንጨት ከተጨመረበት ለውርንጭላ ከምርጦቹ አንዱ ነው። ውሻም አያስገባም። ችግሩ በብዙ ከተሞች በቀላሉ አለመገኘቱና ውድነቱ ነው።

በየሱቁ የምናገኘው የአልማዝ ቅርጽ ያለው የግቢ አጥር ሽቦ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ነው። የአዋቂ ፈረስ እግር አይገባበትም፤ የትንሽ ውርንጭላ ኮቴ ጫፍ ግን ሊገባ ይችላል። ከገዙት ጠባቡን ይምረጡ። የላይና የታች ጫፎቹ እንደተቆረጡ ሹል እንዳይቀሩ ይታጠፉ፤ መረቡም በውስጥ በኩል ይወጠር። የዶሮ ሽቦ ጭራሽ አይታሰብ፣ በአንድ ርግጫ ይቀደዳል። ሰፊ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው የበግ አጥር ሽቦ ደግሞ ቅድም ያልኩት ወጥመድ ራሱ ነው።

የኤሌክትሪክ አጥር

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ መሣሪያ በየሰከንዱ ገደማ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ወደ ሽቦው ይልካል። ፈረሱ ሲነካው ይነዝረዋል፣ ይደነግጣል፣ ሁለተኛ አይጠጋም። ቮልቱ ከፍተኛ ቢሆንም ምቱ እጅግ አጭር ስለሆነ አይገድልም። ለፈረስ በአጥሩ መጨረሻ ጫፍ ላይ ቢያንስ 3,000 ቮልት መድረስ አለበት። በሶላር የሚሠራም ስላለ መብራት የሌለበት ቦታም ይሆናል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅ። የቤት መብራት በቀጥታ ሽቦ ላይ መልቀቅ የኤሌክትሪክ አጥር አይባልም። 220 ቮልት ያለማቋረጥ የሚሄድበት ሽቦ ሰው ይገድላል፣ ልጅ ይገድላል፣ ፈረሱንም ይገድላል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ከሌለ ሥራው ይቅር።

ለውርንጭላ ቀጭን ሽቦ ሳይሆን 4 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ነጭ ጥብጣብ ይምረጡ፤ ይታያል፣ ሲመታም በአብዛኛው ይበጠሳል። ድክመቱ የሚመጣው በበጋ ነው። ምቱ ዙሩን የሚጨርሰው በመሬት ውስጥ አልፎ ስለሆነ መሬት ሲደርቅ ይዳከማል። ቢያንስ ሦስት የመሬት ብረት፣ ማለትም ከመሣሪያው ጋር በሽቦ ተያይዞ መሬት ውስጥ የሚቀበር ዘንግ፣ በየ3 ሜትሩ ይተከል፤ በበጋ ሥራቸው ውሃ ይፈስስ። በክረምት ደግሞ ሳር አድጎ ጥብጣቡን ሲነካ ኃይሉ ያልቃል፤ መታጨድ አለበት።

የኤሌክትሪክ አጥር በአካል አያግድም፤ የሚያግደው በፍርሃት ነው። በጣም የደነገጠ ውርንጭላ ሰብሮት ያልፋል። ስለዚህ መንገድ ዳር ላለ መስክ ብቸኛ አጥር አድርጌ አልመክረውም። መስክን በውስጥ ለመከፋፈል፣ የእንጨት አጥር እንዳይጋጥ ለመጠበቅና ከአሮጌ የእሾህ ሽቦ ለማራቅ ግን የሚወዳደረው የለም።

ቆርቆሮና ህያው አጥር

ቆርቆሮ በከተማ ዳር ይበዛል። ጠርዙ ይቆርጣል፣ በነፋስ ይንቋቋል፣ ውርንጭላ ሲረግጠው እግሩ በስቶ ይገባል። ካለ በውስጥ በኩል በአግዳሚ እንጨት ይከለል።

ህያው አጥር ለነፋስና ለጥላ መልካም ነው፤ ብቻውን ግን ክፍተት አያጣም። የሚተከለውን ይለዩ። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን ያቃጥላል፣ ሊያሳውርም ይችላል። የወፍ ቆሎና ጉሎ ለፈረስ መርዛም ናቸው። አጋምና ቀጋ እሾሃቸው ስለሚወጋ በአጥሩ ውጭ በኩል እንጂ በውስጥ አይሁኑ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | መታየት | የጉዳት ስጋት | የመነሻ ወጪ | ጥገና | ለውርንጭላ |
|---|---|---|---|---|---|
| የእሾህ ሽቦ | ደካማ | በጣም ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | አይሆንም |
| አጣና፣ 4 አግዳሚ | ጥሩ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ምስጥና ግጦሽ | በጣም ይሆናል |
| ካብ ከአግዳሚ ጋር | በጣም ጥሩ | ዝቅተኛ | ድንጋይ ካለ ጉልበት ብቻ | ከክረምት በኋላ | በጣም ይሆናል |
| ጠባብ የፈረስ መረብ ከአግዳሚ ጋር | ጥሩ | በጣም ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ትንሽ | ምርጥ |
| የግቢ አጥር ሽቦ | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ትንሽ | በጥንቃቄ |
| የኤሌክትሪክ ጥብጣብ | ጥሩ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | በየቀኑ ማየት | ለውስጥ ክፍልፋይ |
| ቆርቆሮ | በጣም ጥሩ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ትንሽ | ተከልሎ ብቻ |
| ህያው አጥር | ጥሩ | በተክሉ ይወሰናል | ዝቅተኛ | መግረዝ | እንደ ተጨማሪ |

በአቅምና በሁኔታ

መጀመሪያ ልኬቱን ይያዙ። አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር፣ 50 በ50 ሜትር ከሆነ ዙሪያው 200 ሜትር ነው። ያው ስፋት 25 በ100 ሆኖ ቢረዝም 250 ይደርሳል። በ200 ሜትር ዙሪያ 80 ቋሚ ያስፈልጋል፤ ለአራት አግዳሚ ደግሞ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ 160 አጣና። ለብልሽት ትንሽ ይጨምሩበት።

*ገንዘብ ካጠረ* ሰፊ መስክ በእሾህ ሽቦ ከማጠር 20 በ20 ሜትር ቦታ በአጣና ይጠሩ። ዙሪያው 80 ሜትር ነው፤ 32 ቋሚና 64 አጣና ይበቃዋል። ባዝራና ውርንጭላዋ እዚያ ይዋሉ፣ ድርቆሽ ይቅረብላቸው፣ እረኛ ባለ ሰዓት ወደ ሰፊው ግጦሽ ይውጡ። ይህ ከሁሉም ምክሬ ይበልጥ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ነው። ትንሽ ደህና ቦታ ከትልቅ አደገኛ መስክ ይሻላል።

*መካከለኛ አቅም ካለዎት* መንገድና ጎረቤት የሚያዋስነውን ወገን በአራት አግዳሚ አጣና ወይም በካብ ይሥሩ፤ ውስጡን በኤሌክትሪክ ጥብጣብ ይከፋፍሉ። ግጦሹም በፈረቃ ያርፋል።

*ብዙ ባዝራ ያለዎት አርቢ ከሆኑ* ለመውለጃና ለጡት ማስጣያ ቦታ ጠባቡን መረብ ከአግዳሚ ጋር ያድርጉ። ድንጉላውን ከባዝራዎቹ በአንድ አጥር ብቻ አይለዩት፤ በሁለት አጥርና በመካከሉ መተላለፊያ ይሁን። በአንድ አጥር ሲነካኩ ይራገጣሉ፣ መሃል የሚገኘው ውርንጭላ ነው።

ማዕዘንና በር

ሹል ማዕዘን አይተዉ። ትልቁ ፈረስ ትንሹን እያሳደደ ወደ ማዕዘን ሲያስገባው መውጫ ያጣል። ማዕዘኑን በሁለት ሦስት አግዳሚ ሰያፍ አድርገው ይዝጉት። በሩ ከአጥሩ እኩል ቁመት ይኑረው፣ በበሩና በቋሚው መካከል እግር የሚገባበት ክፍተት አይኑር፣ መቀርቀሪያውም ወደ ውስጥ አይውጣ።

አጥሩ ባለቀ ቀን ባዝራዋን በልጓም ይዘው፣ ውርንጭላው እየተከተላት፣ ዙሪያውን ቀስ ብለው ያዙሯቸው። በጠራራ ብርሃን ይሁን። ከዚያ በኋላ አጥሩ በጣም የሚፈተነው ጡት በሚጥልበት ጊዜ፣ በስድስተኛው ወር ገደማ ነው። እናቱን የተነጠቀ ውርንጭላ ለቀናት ያሽካካል፣ አጥሩን ይዞራል፣ ለመዝለልም ይሞክራል። ያን ሳምንት በጠንካራውና በሚታየው አጥር ውስጥ፣ ከሌላ ለማዳ ፈረስ ጋር ይሁን። የኤሌክትሪክ ጥብጣብ ብቻ ወዳለበት ክፍል የሚገባው ከተረጋጋ በኋላ ነው።